ቀስትን የጠፈረ ቆዳ፦ የአንድ ሙያ ታሪክና የቃላቱ ምስክርነት

1. መነሻ

በእጅ የተሠራ የእንጨት ቀስት በሁለት መንገድ ጥሬ ቆዳ ይለብሳል። አንደኛው፣ ቆዳውን እንደ ረዥም ጥብጣብ ቆርጦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንጨቱ አንድ ጎን ላይ በሙጫ ማጣበቅ ነው። ሁለተኛው፣ እርጥቡን ቆዳ በቀጭኑ ተልትሎ እንደ ቀለበት በእንጨቱ ዙሪያ መጠምጠም ነው። ሁለቱ ሥራዎች ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ፤ በእጁ ለያዛቸው ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ቀስቱ ሳይሰበር እንዲጎብጥ ይረዳዋል። ሁለተኛው በልክ ከሆነ እንጨቱን ይጠብቀዋል፤ ከልክ ካለፈ ግን ቀስቱ ከነጭራሹ መጉበጥን እንቢ ይላል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከዚህ ልዩነት ነው። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቆላ ስለሚኖሩ አዳኞች ሲጽፍ በቀስታቸው ላይ ስለሚያስሩት ጥሬ ቆዳ ተናግሯል፤ በዚያም ላይ ተመሥርቶ ከሄሮዶቱስ ታሪኮች አንዱን ለመተርጐም ሞክሯል። ትርጓሜው ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ለዚህ መልስ ለመስጠት ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፦ ቆዳው በእንጨቱ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ እንዲሁም ስለ ሥራው የምንናገርባቸው ቃላት ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ። የቋንቋ ባለሙያ ሁለተኛውን ብቻ የራሱ ድርሻ አድርጎ ይቈጥራል። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር፤ በገዛ ትርጕሜ ምክንያት አንድ ቀስት እስኪሰበር ድረስ።

በጽሑፉ ውስጥ ቆዳን በእንጨቱ ርዝመት ማጣበቅን «መለበጥ»፣ በዙሪያው መጠምጠምን «መጠፈር» እላለሁ። የቃላቱ ምርጫ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ በ5ኛው ክፍል ይገለጻል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

2. እንጨቱና ቆዳው

ቀስት ሲሳብ እንጨቱ በሁለት ተቃራኒ ኃይሎች መካከል ይወድቃል። ወደ ዒላማው የዞረው ጎን ይለጠጣል፤ ወደ ቀስተኛው የዞረው ጎን ይታመቃል። እንጨት መታመቅን በትዕግሥት ይሸከማል፤ ሲበዛበት ቀስ በቀስ ይሸበሸባል እንጂ ድንገት አይከዳም። በተለጠጠው ጎን ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። እንጨቱን የሠሩት ቀጫጭን ክሮች ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ ከሄዱ ቀስቱ ይኖራል። ቢላዋ አንዱን ክር አቋርጦ ካለፈ፣ ወይም ቅርንጫፍ የበቀለበት አንጓ ክሮቹን አጣምሞ ከሆነ፣ ከዚያ ቦታ ስንጥር ይነሣል። ስንጥር ከተነሣ በኋላ ስብራቱ የቅጽበት ጉዳይ ነው።

ጥሬ ቆዳ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ጥሬ ቆዳ ማለት ያልለፋ ቆዳ ማለት ነው፤ ጸጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ ተወጥሮ ደርቆ፣ ነገር ግን ያልለሰለሰ። ሲደርቅ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፤ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ እንደ እርጥብ ሸማ ይለሰልሳል፤ እንደ ገና ሲደርቅ ደግሞ ይኮማተራል። የሙያው ምሥጢር ሁሉ በዚህ በመጨረሻው ጠባይ ላይ የተመሠረተ ነው።

ለመለበጥ ቀጭን ቆዳ፣ የጥጃ ወይም የፍየል፣ ይመረጣል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥብጣቦች ይቈረጣሉ፤ በቀስቱ መካከል፣ እጅ በሚጨብጠው ቦታ፣ ይገናኛሉ። ቆዳው እስኪለሰልስ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው ይጨመቃል። የእንጨቱ ገጽ ሙጫ እንዲይዝ በጥቂቱ ይሻከራል። ከቆዳ ቍርጥራጭ ተቀቅሎ የወጣ ሙጫ በትኩሱ ይቀባል። ከዚያም ሥጋ የነበረበት ጎን ወደ እንጨቱ ሆኖ፣ ከመካከል ወደ ጫፍ፣ አየር እንዳይቀር በአውራ ጣት እየታሸ ይነጠፋል። በጨርቅ ጥብጣብ ተጠቅልሎ በጥላ ውስጥ ለቀናት ይደርቃል፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንደ ሆነ ጠርዙ ቀድሞ ደርቆ ይላቀቃል። በመጨረሻ ትርፉ ይከረከማል፤ እርጥበት እንዳይገባበትም ስብ ይቀባል።

እንዲህ የተለበጠ ቆዳ ለቀስቱ ኃይል አይጨምርለትም። ኃይል የሚጨምረው ጅማት ነው፤ ጅማት ተፈልቅቆ በሙጫ ሲነጠፍ እንደ ምንጭ ይለጠጣል፤ ይመለሳልም። በ1922 በተገኘው የቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ተራ የእንጨት ቀስቶችም፣ ከእንጨት፣ ከቀንድና ከጅማት የተሠሩ ቀስቶችም ጎን ለጎን ነበሩ፤ ይህ የሚያሳየው ሁለቱ ሙያዎች በአንድ ዘመን አብረው መኖራቸውን ነው። የጥሬ ቆዳ ሥራ ከዚህ ትሑት ነው፤ ስንጥሩን ባለበት ይይዛል፤ እንጨቱንም ከጭረትና ከእርጥበት ይከላከላል። አሜሪካዊው ሐኪም ሳክስተን ፖፕ በ1923 ባሳተመው የአደን መጽሐፉ ቀስትን በጥሬ ቆዳ ስለ መለበጥ ለራሱ ዘመን ሰዎች ጽፏል። ይኸው ሰው በ1925 ቀስቱን ይዞ አንበሳ ሊያድን ወደ ታንጋኒካ መምጣቱ የሙያውን ታሪክ ከአካባቢያችን ጋር በሌላ አቅጣጫ ያገናኘዋል።

መጠፈር ግን በሌላ ሕግ ይሠራል። እርጥብ የቆዳ ቀለበት ሲደርቅ ወደ ውስጥ ይጨብጣል። አንድ ቀለበት በተሰነጠቀ ቦታ ላይ ቢጠመጠም ስንጥቁን እንደ ብረት ይገጥማል። ቀለበቶቹ በዝተው ጎን ለጎን ሲገናኙ ግን እንጨቱ በቆዳ ቱቦ ውስጥ የገባ ያህል ይሆናል። አንድ ዘንግ ለመጉበጥ የሚያሳየው እንቢታ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከዚያ እጅግ ይፈጥናል። የዚያው ዓይነት እንጨት ውፍረቱ በእጥፍ ቢያድግ ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ቆዳ እንደ እንጨት ግትር ባይሆንም በውጭው ገጽ ላይ ስለሚቀመጥ ትንሹም ብዙ ይቈጠራል። ስለዚህ ቀለበት በቀለበት ላይ የጨመረ ሰው አንድ ቀን ቀስቱ ቀስትነቱን ትቶ በትር ሆኖ ያገኘዋል።

3. ጄምስ ብሩስ የጻፈው

ብሩስ ከ1769 እስከ 1772 በኢትዮጵያ ቈይቶ በሰናር በኩል ወጣ፤ ጕዞውንም በ1790 በ5 ቅጾች አሳተመ። ከመረብና ከተከዜ እስከ ዓባይ ባለው ምዕራባዊ ቆላ የሚኖሩትን፣ ዛሬ ኩናማ፣ ጉሙዝና ሌሎችም በየራሳቸው ስም የምናውቃቸውን ሕዝቦች፣ በአንድ የጅምላ ስም ጠርቷቸዋል። ስሙ ደገኞቹ የባሪያ ፍንገላ ለሚያደርጉባቸው ሰዎች የሰጡት የንቀት ስም ነበር፤ እዚህ አልደግመውም። ነገር ግን በዚህ ስም ሥር ስንት የተለያዩ ቋንቋዎች እንደ ተጨፈለቁ ማስታወስ ለእኛ ሙያ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የብሩስ ወሬ የየትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ በትክክል እንዳንለይ ያደረገን ይኸው ስም ነው።

ብሩስ የጻፈው በአጭሩ ይህ ነው። አዳኙ አንድ አውሬ በገደለ ቍጥር ከቆዳው ቀጭን ቍራጭ ይወስዳል፤ እርጥብ እንዳለም እንደ ቀለበት በቀስቱ ላይ ያስረዋል። ቆዳው ሲደርቅ ይጠብቃል። ቀለበቶቹ እየበዙ ሲሄዱ ቀስቱ እየገተረ ይመጣል፤ በመጨረሻም የማይጎብጥ ይሆናል። ያን ጊዜ አዳኙ ያን ቀስት አኑሮ ሌላ ይሠራል። ከሁሉ አብልጦ የወደደው ቀስት በሞተ ጊዜ ከእርሱ ጋር ይቀበራል።

በሙያው ዐይን ሲታይ ይህ ወሬ የተፈጠረ አይመስልም። ቆዳው በእርጥቡ መታሰሩ፣ ሲደርቅ መጥበቁ፣ ብዛቱ ግትርነትን መውለዱ፣ ሁሉም ጥሬ ቆዳን በእጁ የሠራ ሰው የሚያውቃቸው ነገሮች ናቸው። ብሩስ ይህን ከራሱ አእምሮ ያወጣው ቢሆን ኖሮ ቀስቱ በቆዳው ምክንያት በረታ ብሎ በጻፈ ነበር፤ አላዋቂ የሚጠብቀው ይህንኑ ነውና። እርሱ ግን ቀስቱ በቆዳው ምክንያት ከሥራ እንደሚወጣ ጻፈ።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር የቀለበቱ ዓላማ ነው። እያንዳንዱ ቀለበት የአንድ አውሬ ምልክት ነው፤ ቀስቱም የባለቤቱ የአደን መዝገብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀለበቶች እንጨቱን ይጠብቁ ይሆናል፤ የመጨረሻዎቹ ግን የሚያገለግሉት ትዝታን ብቻ ነው። መሣሪያው ቀስ በቀስ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል።

4. የካምቢሰስ መልእክተኞች

ሄሮዶቱስ በ3ኛው መጽሐፉ እንደሚተርከው፣ የፋርሱ ንጉሥ ካምቢሰስ ግብፅን ከያዘ በኋላ፣ ይኸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ525 ገደማ፣ «ረዥም ዕድሜ ያላቸው» ወደሚባሉት ኢትዮጵያውያን መልእክተኞች ላከ። ይህ ስም በሄሮዶቱስ አፍ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያሉትን ሕዝቦች በሰፊው የሚጠራ እንጂ የዛሬዪቱን ሀገር የሚወስን እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ለእኛ የበለጠ ትኵረት የሚገባቸው መልእክተኞቹ ናቸው። ካምቢሰስ ከፋርስ ሰው አልመረጠም፤ በአስዋን አጠገብ ካለችው ከኤሌፋንቲን ደሴት የኢትዮጵያውያንን ቋንቋ የሚያውቁ ዓሣ በላተኞችን አስመጣ። ስለዚህ ታሪኩ ከመጀመሪያው የአስተርጓሚዎች ታሪክ ነው።

መልእክተኞቹ ቀይ ልብስ፣ የወርቅ ጌጥ፣ ሽቱና የተምር ጠጅ አቀረቡ። ንጉሡ ስጦታውን ናቀና በምላሹ አንድ ቀስት ሰጣቸው፤ ፋርሶች ይህን የሚያህል ቀስት እንደ እርሱ በቀላሉ መሳብ በቻሉ ጊዜ ሊዘምቱብን ይምጡ አለ። ቀስቱ ወደ ካምቢሰስ ደረሰ። ከፋርሶች ሊስበው የቻለ የንጉሡ ወንድም ስሜርዲስ ብቻ ነበረ፤ እርሱም የሳበው ሁለት ጣት ያህል ነው። ካምቢሰስ በዚህ ቀንቶ ወንድሙን ወደ ፋርስ መለሰው።

የብሩስ ሐሳብ ይህ ቀስት በቆላው ካየው ልማድ ጋር አንድ ነው የሚል ነው፤ ቀስቱ በቆዳ ቀለበቶች የተሞላ የአዳኝ ቀስት ስለ ነበር ፋርሶች ሊያጎብጡት አልቻሉም። ሐሳቡ ማራኪ ነው። የሚደግፈው ነገርም አለ። ግብፃውያን በደቡብ ያለውን አገር «ታ ሴቲ»፣ የቀስት ምድር፣ ብለው ይጠሩት ነበር፤ በአስዩጥ ከሜሴህቲ መቃብር የወጡትና ዛሬ በካይሮ ያሉት የ40 ኑብያውያን ቀስተኞች ትንንሽ የእንጨት ምስሎች ዝናቸውን ይመሰክራሉ። በሰሜን ሱዳን በከርማ ቀስተኞች ከነቀስታቸው ተቀብረው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ ወዳጅ ቀስትን ወደ መቃብር ይዞ መውረድ በዓባይ ሸለቆ ጥንታዊ ነው። ኑብያውያን ቀስተኞች በ652 በዶንጎላ የዓረቡን ሠራዊት በገጠሙበት ጊዜም ዐይን እያነጣጠሩ በመምታታቸው በዓረብ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ዝነኛ ሆነዋል።

የሚቃወመውም አለ። አንደኛ፣ በካምቢሰስና በብሩስ መካከል ከ2,200 ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ። ሁለተኛ፣ ሄሮዶቱስ በ7ኛው መጽሐፉ በፋርሱ ንጉሥ በዜርክሲስ ሠራዊት ውስጥ ስለ ነበሩት ኢትዮጵያውያን ሲጽፍ የነብርና የአንበሳ ቆዳ በሰውነታቸው ላይ እንጂ በቀስታቸው ላይ አያደርግም፤ ቀስታቸው ከዘንባባ የተሠራና ከ4 ክንድ የማያንስ ነበር ይላል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን በታሪኩ ውስጥ ያለ ነው። ንጉሡ ያለው «እንደ እኔ በቀላሉ» ነው። በብሩስ ወሬ መሠረት ግን በቀለበት የተሞላን ቀስት የገዛ ባለቤቱም አይስበውም።

እንግዲህ ብሩስ የታሪኩን አንድ እንቆቅልሽ ሲፈታ ሌላ እንቆቅልሽ ይፈጥራል። ቀስቱ የብሩስ ዓይነት ከነበረ የንጉሡ ቃል በትክክል አልደረሰም ማለት ነው። የማይሳብ ቀስት የሚልክ ሰው ጉልበትን አይፈትንም፤ «ይህን ያህል ገድያለሁ» ብሎ የሚነበብ መዝገብ ነው የላከው። ፋርሶች ግን ለንባብ የተላከውን ለመሳብ ሞከሩ፤ በሁለት ጣትም ተቀናኑ። ቀስቱ የብሩስ ዓይነት ካልነበረ ደግሞ የንጉሡ ቃል እንዳለ ይቆማል፤ የብሩስ ትርጓሜ ይወድቃል። ሁለቱን በአንድነት መያዝ አይቻልም። ለእኔ ሁለተኛው ይመዝናል፤ ለመልእክተኞቹ በቀስቱ ላይ ያለ ቆዳ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አልነበረም፤ ሄሮዶቱስም እንዲህ ያለውን ወሬ የሚያሳልፍ ጸሐፊ አልነበረም። የብሩስ ምስክርነት ለ18ኛው መቶ ዓመት ቆላ የጸና ነው፤ ለካምቢሰስ ዘመን ግን ሊጠራ አይችልም።

5. ቀስቱ ሲሄድ የቀሩት ቃላት

ይህን ክርክር በአማርኛ ለመጻፍ ስሞክር ያጋጠመኝ ችግር ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። በደጋው ጦርና ጋሻ፣ በኋላም ነፍጥ፣ የጦረኛው መሣሪያ ሆነው ቀስት ከዕለታዊ ኑሮ ራቀ፤ በ16ኛው መቶ ዓመት በፉቱሕ አል ሐበሻ የሚጠቀሱት የማያ ሰዎች በመርዘኛ ፍላጻቸው የሚታወሱት እንደ ልዩ ነገር ነው። መሣሪያው ሲርቅ ቃላቱ አልጠፉም፤ ቤት ቀየሩ።

«ቀስት» በግእዝ መሣሪያውን እንጂ የሚወረወረውን አይልም፤ የሚወረወረው «ሐጽ» ነው። የዕብራይስጡ ቄሼት፣ የአካድኛው ቃሽቱና የዓረብኛው ቀውስ በዚህ ይስማማሉ። በአማርኛም «ቀስተ ደመና» የምንለው የጎበጠውን ነው። የሶማልኛው ቃንሶ ሮባድና የስዋሂሊው ኡፒንዴ ዋ ምቩዋ ሁለቱም «የዝናብ ቀስት» ማለት ስለ ሆኑ ያንኑ ጉባጤ ያያሉ። በዛሬው አማርኛ ግን መንገድ ላይ አቅጣጫ የሚያሳየውን ምልክት «ቀስት» እንላለን፤ ተማሪም ቀስት ሣል ቢሉት ፍላጻ ይሥላል። አንድ ቃል ከጎባጣው ወደ ቀጥተኛው ተሻገረ። ሁለቱን በየቀኑ በእጁ የሚይዝ ሕዝብ ይህን ማምታታት አይታገሥም፤ አንዱን አምጣ ሲሉት ሌላውን ያመጣልና።

ባዶ የቀረውን ቦታ «ደጋን» ያዘው። ደጋን ግን ዛሬ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በጥጥ ሥራ ነው፤ ጥጥ የሚነደፍበት የተወጠረ ጅማት ያለው ጎባጣ እንጨት ነው። የመሰንቆ መምቻውም ደጋን ይባላል። «ነደፈ» ራሱ በግእዝ በፍላጻ መውጋትንም የሚያካትት ግስ ነበር፤ አሁን በንብ፣ በጥጥና በዕቅድ ላይ ይነገራል። «ደገነ» ደግሞ ወደ ነፍጥ ተሸጋግሯል፤ ጠመንጃ ደገነበት እንላለን፤ የጠመንጃው ብረት ግን አይጎብጥም። ቀስቱ ከሄደ በኋላ እጁ ያደርገው የነበረው እንቅስቃሴ በግሱ ውስጥ ቀረ።

ጥሬ ቆዳን በተመለከተ የሆነው ተቃራኒው ነው። ቆዳው ከእንጨት ጋር የሚኖረው ግንኙነት አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ቃላቱ በቦታቸው ናቸው። ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያያይዘው ምራን፣ የጠፍር አልጋ፣ የከበሮ ማሰሪያ፣ በመሰንቆ ሣጥን ላይ የሚወጠረው ቆዳ፣ ሁሉም በእርጥቡ ታስሮ ሲደርቅ የሚጠብቅ ጥሬ ቆዳ ናቸው። ከእነዚህ ቃላት የሁሉ እናት «ጠፈረ» ነው። ጠፈረ ማለት አሰረ ብቻ አይደለም። እጅ ከወርች ጠፈሩት ሲባል ሰሚው የሚረዳው የታሰረው መንቀሳቀስ አለመቻሉን ነው፤ ልማድ ጠፍሮ ያዘው ሲባልም እንዲሁ። የሚጠብቅ፣ የሚያግትር፣ እንቅስቃሴን የሚነሣ እስራት ነው። ብሩስ ስለ ቀስቱ በብዙ ዐረፍተ ነገር የገለጸውን አማርኛ በአንድ ግስ ይዞታል። ለቀለበቱ ሥራ «መጠፈር»ን የመረጥሁት ስለዚህ ነው። በርዝመቱ ለሚጣበቀው ደግሞ «ለበጠ» ይስማማል፤ በወርቅ የተለበጠ እንጨት እንጨትነቱን እንደማያጣ፣ በቆዳ የተለበጠ ቀስትም መጉበጡን አያጣምና።

6. ጀርባው የቱ ነው?

አሁን ወደ ተሰበረው ቀስት ልመለስ። በእንግድነት በማስተምርበት ከተማ ከበሮ የሚወጥሩ አንድ አዛውንት አሉ። የመለበጡን ሥራ በዐይኔ ለማየትና ቃላቱን ለመመዝገብ ፈልጌ፣ ከባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ተርጕሜ አነበብሁላቸው። እንጨቱን አንድ አናጢ አዘጋጅቶት ነበር፤ ጅማት ስላልታሰረበት ገና ቀጥ እንዳለ ነው። መመሪያው ቆዳው በቀስቱ «ጀርባ» ላይ ይለበጣል ይላል፤ እኔም ቃል በቃል «በጀርባው» ብዬ ተረጐምሁ። እርሳቸው ሥራቸውን በሚገባ ሠሩ። ከ6 ቀን በኋላ ጅማቱን አስረን ስንስበው ከውጭው ጎን ስንጥር ተነሣና ቀስቱ ለሁለት ሆነ። ቆዳው በውስጠኛው ጎን፣ ምንም በማይሠራበት ቦታ፣ ሳይነካ እንደ ተለጠፈ ነበር።

«ጋሼ፣ ቆዳው እኮ በጀርባው ነበር» አልኋቸው።

ስባሪውን አንሥተው እንደ ቀስተኛ ያዙት። «ታዲያ በጀርባው አይደለም ያደረግሁት? ቀስት የሚያየው ወደ አውሬው ነው። ፊቱ ወደዚያ ከሆነ ጀርባው ወደኔ ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ሌላ ጎን አስበው ከነበረ እንጨቱ ይህን ከየት ያውቃል?»

ትክክል ነበሩ። የባዕዱ መመሪያ ቀስቱን እንደ ጎበጠ ሰው ያየዋል፤ የጎበጠ ሰው ጀርባው ወደ ውጭ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ነው። እርሳቸው ግን በእጃቸው የነበረውን ቀጥ ያለ እንጨት ፊትና ኋላ እንዳለው ዘበኛ አዩት። ሁለቱም አመለካከቶች በአማርኛ ውስጥ ይኖራሉ። ጅማት የታሰረበትን ሌላ ጎባጣ እንጨት ሰጥቼ ጀርባውን እንዲያሳዩኝ ስጠይቃቸው፣ «የጎበጠ ጀርባው የታወቀ ነው» ብለው ሳያመነቱ ውጭውን አሳዩኝ። የቃሉን ትርጕም የወሰነው መዝገበ ቃላቱ ሳይሆን ቀስቱ በዚያች ሰዓት የነበረው ቅርጽ ነው። እኔ ግን በማስታወሻዬ «ጀርባ» ብዬ አንድ ጊዜ ጽፌ፣ ሥራውን ጨርሼ፣ ወደሚቀጥለው ቃል ተሻግሬ ነበር።

በሁለተኛው ቀስት ላይ ጀርባ የሚለውን ቃል ተውነው። እርሳቸው አንዱን ጎን «የሚወጠረው»፣ ሌላውን «የሚጨመተረው» አሉት። እነዚህ ስሞች የሚነሡት እንጨቱ ከሚያደርገው ነው እንጂ ከሚያየው ሰው አቋም አይደለም፤ ስለዚህ አያሳስቱም። ቆዳው በሚወጠረው ጎን ተለበጠ። ዛሬ ከቆዳው ሥር አንድ ስንጥር ብቅ ብሎ በእጅ ይዳሰሳል፤ ቆዳው ግን ይዞታል፤ ቀስቱም ይሳባል።

7. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ይወጣል። የሙያ ቃል ከሙያው ተለይቶ ሲመዘገብ የሚጠፋው ጌጡ ሳይሆን ፍሬው ነው። ከኤሌፋንቲን የመጡት አስተርጓሚዎች የንጉሡን ቃል ለፋርስ አደረሱ፤ ቀስቱን ለመረዳት የሚያስፈልገው ግን ከቃሉ ጋር ደርሶ እንደ ሆነ ታሪኩ አይነግረንም። ብሩስ ድርጊቱን በጥሩ ዐይን አይቶ መዘገበ፤ ሕዝቦቹን ግን በአንድ የንቀት ስም አጠቃለለ፤ ስለዚህ ምስክርነቱን የየትኛው ቋንቋ ተናጋሪዎች እንደ ሆነ ለይተን ልንመልስላቸው አልቻልንም። እኔ ደግሞ ቃሉን በትክክል ተርጕሜ ቀስቱን ሰበርሁ።

በምዕራቡ ቆላ ቀስት ከእጅ ወጥቶ ባልጠፋባቸው ቋንቋዎች ላይ ለሚሠሩ ባልደረቦች ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሥዕል አሳይቶ «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ማለት ይቅር፤ ዕቃው በተናጋሪው እጅ ይሁን፤ ጅማቱ ሳይታሰርም ታስሮም ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጎን ስሙ ብቻ ሳይሆን ግሱ ይመዝገብ፤ የቱ ይወጠራል፣ የቱ ይጨመተራል? ሦስተኛ፣ በቀስቱ ላይ ቆዳ ካለ ከየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ፣ በእርጥቡ ወይስ በደረቁ እንደ ተደረገ፣ በርዝመቱ ተለብጦ ወይስ በዙሪያው ተጠፍሮ እንደ ሆነ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባለቤቱ ቀለበት መጨመሩን መቼ እንደሚያቆም ይጠየቅ። ብሩስ ያልጠየቀው ይህን የመጨረሻውን ነው፤ አንድ ሰው መሣሪያውን መዝገብ ለማድረግ የሚወስንባት ሰዓት በቋንቋው ውስጥ ስም አላት ወይ የሚለውን። መልሱ የሚገኘው ቀስቱን ገና በእጃቸው ከያዙት ሰዎች ነው፤ እነርሱም ዘንድ የሚገኘው ቀስቱ ከእጃቸው እስካልወጣ ድረስ ነው።